አባታችን በፍርድ ያጣውን መሬት ወንድሜ «በአዲስ ፋይል አስመልሳለሁ» ይላል፣ ብሩን ልላክለት?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ጽሑፎችዎን ሁሌ አነባለሁ ዛሬ ግን የራሴን ጉድ ይዤ መጣሁ። እኔ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ቤተሰቦቼ ጎጃም ሞጣ አካባቢ ገጠር ነው ያሉት። እኔ ያደግኩት አባቴና ታናሽ ወንድሙ ከአያቴ በቀረ ሁለት ጥማድ መሬት ሲካሰሱ እያየሁ ነው። መሬቱን ይዞ ያርስ የነበረው አባቴ ነው፣ አረንጓዴው ደብተር ላይም በአባቴና በእናቴ ስም ነው የተመዘገበው። አጎቴ ሁለቱም ጥማድ ለኔ ይገባል ብሎ አባቴን ከሰሰው፣ በ2006 ዓ.ም ወረዳ ፍርድ ቤቱ አንዱን ጥማድ ለአጎቴ ወሰነለት፣ አንዱ አባቴ ጋር ቀረ። አባቴ ያኔ ደክሞት ስለነበር ይግባኝ አላለም፣ አጎቴም ወዲያው ተረክቦ እስካሁን እሱ ነው የሚያርሰው።

አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ፣ መቅበር እንኳን አልቻልኩም፣ አሠሪዬ ፓስፖርቴን አልሰጥም አለችኝ። ከአራት ወር በፊት ለሙት ዓመቱ ቤት ሲጸዳ ወንድሜ ከአባቴ ሳጥን ውስጥ ወረቀት አገኘ፣ አያቴ በሽማግሌ ፊት መሬቱን ለአባቴ እንደሰጠው የሚል ነው፣ የድሮ የግብር ደረሰኞችም አብረው አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ እንቅልፍ የለውም። አንድ ጉዳይ ገዳይ አግኝቶ፣ ሰውዬው «የከሰሰው አጎትህ የተከሰሰው አባትህ ነው፣ አንተ ሌላ ሰው ነህ፣ በአንተና በእህትህ ስም አዲስ ፋይል እንከፍታለን፣ ማስረጃውም አዲስ ነው» ብሎታል። ዘጠና ሺህ ብር ላኪ፣ ከቆንስላም ውክልና ላኪ ይለኛል። እምቢ ስለው «አባባ ሲሞት መሬቴን አለ፣ አንቺ አልነበርሽም አልሰማሽም» አለኝ፣ ይሄ ቃል አንጀቴን ነው የቆረጠው። ደግሞ አጎቴ ባለፈው ክረምት ከተወሰነለት አልፎ ባሕር ዛፉ ድረስ ያለውን አርሶብናል ይላል። እናቴ ስደውልላት «እናንተ እንዳላችሁ» ብቻ ነው የምትለው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ አብራኝ ያደገች እህቴ ማለት ነች፣ እስካሁን በኢሞ እናወራለን፣ ይሄን ስታውቅ ምን ትለኛለች? ብሩ አለኝ፣ ግን ልገባ ስል ለሥራ መጀመሪያ ያልኩት ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦

የኔ እህት፣ መጀመሪያ ለአባትሽ ነፍስ ይማር። ስለ ብሩና ስለ ፍርድ ቤቱ አወራሻለሁ፣ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ «አንቺ አልነበርሽም» የሚለው ቃል ነው። ሰው አባቱን ሳይቀብር ሲቀር ልቡ ላይ ክፍት የሆነ ቦታ ይቀራል፣ በዚያ ቦታ በኩል የመጣ ጥያቄ ሁሉ ዕዳ ይመስላል፣ ብር ብትልኪ ያ ዕዳ የሚከፈል ይመስልሻል። ወንድምሽ ይህን አስቦ ተንኮል የሠራ አይመስለኝም፣ እሱም አዝኖ ነው፣ እሱም ያንን ቃል ብቻውን ተሸክሞ ነው የከረመው። ግን እስቲ ቀስ ብለሽ አስቢው፣ አባትሽ «መሬቴን» ሲል ክሰሱልኝ ማለቱ ነበር? ከፍርዱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል እኮ፣ ደብተሩም ሳጥኑም እሱ ጋ ነበር፣ ሊከስ ቢፈልግ ልጆቹን ሰብስቦ ይነግራችሁ ነበር። ምናልባት የተረፈችውን አንድ ጥማድ ጠብቁልኝ ማለቱ ቢሆንስ? እኔ አላውቅም አንቺም አታውቂም፣ እናትሽ ግን ልታውቅ ትችላለች። «እናንተ እንዳላችሁ» የሚለው መልስ የስልክ መልስ ነው፣ ወንድምሽ አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን ይዞላት ሊሆን ይችላል። እሱ በሌለበት ሰዓት፣ ጎረቤት ስልክ ላይም ቢሆን፣ ብቻዋን አግኝተሽ ጠይቂያት።

አሁን ወደ ብሩ። በግልጽ ልንገርሽ፣ ጉዳይ ገዳዩ እንዳለው ለሚከፈት ፋይል ዘጠና ሺህ ብርሽን አትላኪ። ይህን የምልሽ መሬቱ ለአጎትሽ ይገባው ነበር ብዬ አይደለም፣ ማን እውነት እንደነበረው ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። የምልሽ ክሱ እውነቱ ጋ ሳይደርስ በር ላይ ስለሚመለስ ነው።

እንዴት መሰለሽ፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 5 ላይ አንድ ጉዳይ በተመሳሳይ ሰዎች መካከል፣ በተመሳሳይ ነገር ላይ፣ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ተሰምቶ የመጨረሻ ፍርድ ካገኘ ሌላ ፍርድ ቤት እንደ አዲስ አያየውም ይላል። ይግባኝ መባሉ ግዴታ አይደለም፣ ይግባኝ ማለት እየተቻለ ጊዜው ካለፈም ፍርዱ ያው የመጨረሻ ነው፣ የይግባኙ ጊዜ ደግሞ 60 ቀን ነው፣ ካለፈ ስንት ዓመቱ። «አንተ ሌላ ሰው ነህ» የሚለው ጨዋታም አይሠራም፣ ምክንያቱም ሕጉ ተከራካሪዎቹን ብቻ ሳይሆን መብታቸውን ከእነሱ ያገኙትንም ጨምሮ ነው የሚያስረው። ወንድምሽ መሬቱን የሚጠይቀው በማን በኩል ነው? በአባቱ በኩል ነው፣ ወራሽ ነኝ ብሎ ነው፣ እንግዲህ አባትየው በተረታበት መብት ልጁ ሊያሸንፍ አይችልም፣ ስሙ ቢቀየርም ጉዳዩ አልተቀየረም። የአንቺም ስም ቢጨመር ያው ነው።

ጉዳይ ገዳዮች ይህን አያውቁትም እንዳትዪ፣ ብዙዎቹ አሳምረው ያውቁታል፣ ፋይል ለመክፈት የሚያግዳቸው ስለሌለ ነው፣ መዝገብ ቤቱ የዳኝነት ገንዘብ ተከፍሎ የመጣ ክስ ይቀበላል፣ ብሩ የሚበላውም ያኔ ነው። ከዚያ የሚሆነውን ልንገርሽ። ለአጎትሽ መጥሪያ ይደርሰዋል፣ እሱም መልስ ሲሰጥ ከሁሉ አስቀድሞ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያነሳል፣ አንቀጽ 244 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ «ጉዳዩ ቀደም ሲል ፍርድ አግኝቷል» የሚለው አንዱ መቃወሚያ ነው፣ የ2006ቱን ፍርድ ግልባጭ አያይዞ ማቅረብ ነው የሚጠበቅበት። ዳኛው መቃወሚያውን ያያል፣ ልክ ሆኖ ካገኘው ክሱን ውድቅ አድርጎ መዝገቡን ይዘጋል። ወንድምሽ ግን የሚታየው ሌላ ነገር ነው፣ ሽማግሌዎቹ ችሎት ቆመው ሲመሰክሩ፣ ወረቀቱ ሲነበብ፣ አጎቱ አንገቱን ሲደፋ ነው የሚታየው። እሱ ሁሉ የሚመጣው መቃወሚያው ካለፈ በኋላ ነው፣ መቃወሚያው ካላለፈ ማንም ምስክር አይጠራም ማንም ወረቀት አያነብም፣ ይባስ ብሎ አጎትሽ ወጪና ኪሳራ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ይህን ለወንድምሽ እንደዚሁ በዝርዝር ንገሪው፣ «አታሸንፍም» ከምትዪው «ጭራሽ አይሰሙህም» ብትዪው ይገባዋል።

እሺ ወረቀቱስ ትዪኛለሽ። ስለ ወረቀቱ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ወንድምሽን እንቅልፍ የነሳው እሱ ነው፣ የሚያሳዝነውም እሱ ነው። እውነቱን ነው፣ ሕጉ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ አንዲት ጠባብ በር ትቷል፣ አንቀጽ 6 ነው፣ ፍርድ እንደገና ይመርመርልኝ የሚባለው። ግን እሱ አዲስ ክስ አይደለም፣ ማመልከቻው የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት ነው። ይግባኝ ላልተባለበት ፍርድ የተፈቀደ ነው፣ በዚህ በኩል ለእናንተ ይመቻል። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ከባዱ። የተገኘው ነገር እንደ ሐሰተኛ ሰነድ፣ የሐሰት ምስክርነት፣ ጉቦ ያለ ከባድ ነገር መሆን አለበት፣ ያኔ ቢታወቅ ፍርዱን ይለውጥ የነበረ መሆን አለበት፣ አመልካቹ ተገቢውን ጥረት አድርጎም ያኔ ሊያውቀው ያልቻለ መሆን አለበት፣ ሲያውቅ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ማመልከት አለበት። አሁን ራስሽ መዝኚው። ወረቀቱ የተገኘው ከአባትሽ ሳጥን ነው። ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አባታችሁ በሳጥኑ ያለውን ወረቀት እንዴት አላወቀውም?» ብሎ ነው፣ የዚህ መልስ ምን ይሆናል? ካወቀው ያኔ ማቅረብ ነበረበት፣ አንቀጽ 5 ራሱ ያኔ ሊነሳ ይችልና ይገባ የነበረን ክርክር እንደተነሳና እንደተወሰነበት ነው የሚቆጥረው። ካቀረበውና ዳኛው ካላመነበት ደግሞ ያ የይግባኝ ጉዳይ ነበር። ከተገኘም አራት ወር ሆኖታል፣ አንድ ወሩ አልፏል።

«የአጎቴ ምስክሮች ዋሽተዋል» የሚለው ወሬም ቤታችሁ ሳይነገር አይቀርም፣ መሬት የተረታ ቤት ሁሉ ይህን ይላል፣ አንዳንዴም እውነት ነው። ግን አባትሽ ያኔም ችሎት ላይ ይህንኑ ብሎ ከሆነ ዛሬ አዲስ አይደለም። ወረቀቱ ከሌላ ሰው እጅ፣ ለምሳሌ ከአንድ የሞቱ ሽማግሌ ቤት ዛሬ የወጣ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክር እሰጥሽ ነበር፣ በማግሥቱ ጠበቃ ጋ ሂዱ እል ነበር። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ በእርጋታ ጠይቂው፣ በእርግጥ ከሳጥኑ ነው የተገኘው? መቼ? ማን ነበር? መልሱ ሌላ ከሆነ ታሪኩ ይለወጣል።

አሁን ደግሞ ቤታችሁ ማንም ያላየው የሚመስለኝን ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቆመው እዚህ ላይ ነው። አጎትሽ የከሰሰው ሁለቱም ጥማድ ይገባኛል ብሎ ነው ብለሻል፣ የተሰጠው ግን አንዱ ነው። ያው አንቀጽ 5 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ በክሱ ተጠይቆ በፍርዱ በግልጽ ያልተሰጠ ነገር እንደተከለከለ ይቆጠራል ይላል። እንግዲህ ሁለተኛዋ ጥማድ፣ እናትሽ ዛሬ የምትበላባት፣ አጎትሽ ጠይቆ የተከለከላት መሬት ነች ማለት ነው። ነገ አጎትሽ ቢያርፍና ልጆቹ «ያቺም የአያታችን ነች» ብለው ቢመጡ፣ አቅመ ደካማ እናትሽን መጥሪያ ቢሰጧት፣ የምታነሳው ያንኑ የ2006 ፍርድ ነው። ወንድምሽ የጠላው ወረቀት ለእናቱ አጥር ነው። ያ ፍርድ ተከፍቶ እንደገና ይታይ የሚለው ሰው አጎቱን ብቻ አይደለም የሚያጋልጠው። ይህ ነገር ቁጣውን ያበርድለት ይሆን አላውቅም፣ ቢያንስ ግን ያንን ፍርድ እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ሰነድ እንዲያየው ያደርገዋል፣ ፈልጎ አውጥቶ፣ ኮፒ አድርጎ፣ ከደብተሩ ጋር እንዲያስቀምጠው ያደርገዋል።

ባሕር ዛፉ ድረስ ታርሷል ያልሽው ግን ሌላ ነው፣ ፈጽሞ ሌላ። የ2006ቱ ፍርድ የሚያስረው ያኔ የተከራከሩበትን ነው፣ አጎትሽ ባለፈው ክረምት አደረገ የሚባለውን አይሸፍንለትም። ፍርዱ አንድ ጥማድ ሰጥቶት እሱ ከዚያ አልፎ ከገፋ፣ ያ አዲስ ድርጊት ነው አዲስ የክስ ምክንያት ነው፣ እንዲያውም ፍርዱ ለእናንተ ነው የሚመሰክረው፣ የተሰጠው እስከየት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። የጉዳይ ገዳዩ ምክር የሚያናድደኝም እዚህ ላይ ነው፣ ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ክስ ካደረጋቸው፣ የሞተው ጉዳይ በሕይወት ያለውን ይዞት ሊወድቅ ይችላል፣ ባይወድቅም ዳኛው «እነዚህ ሰዎች የተረቱበትን ነው በሌላ በር የሚያመጡት» ብሎ በጥርጣሬ ነው የሚያያችሁ። ስለዚህ የድሮው ጥማድ ስም እንኳን ሳይነሳ፣ የተገፋችው ቁራጭ ብቻ፣ ከየት እስከ የት፣ አዋሳኟ ማን፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለው ነው መያዝ ያለበት። ጊዜም አለው፣ በይዞታ ላይ ለሚፈጠር ሁከት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው፣ ባለፈው ክረምት ከሆነ ገና አላለፈም፣ ግን እንደ ድሮው ነገር ሲብላላ እንዳይከርም።

መጀመሪያ ግን በእርግጥ ተገፍቷል ወይ የሚለው ይጣራ። የተናደደ ሰው ድንበር ሲያይ ሁሌ የተገፋ ይመስለዋል። ወንድምሽ ወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄዶ የፍርዱን ግልባጭ ያውጣ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ካላወቀ በአባትሽና በአጎትሽ ስም እና በዓመቱ ይፈልጉለታል፣ የድሮ መዝገብ ስለሆነ ያመላልሱት ይሆናል ይታገስ። ግልባጩ ላይ የሚታየው ምን ተጠየቀ፣ ምን ተወሰነ፣ አዋሳኞቹ በምሥራቅ በምዕራብ በሰሜን በደቡብ ማን ተባሉ የሚለው ነው። ከዚያ ቀበሌ መሬት አስተዳደር ጋ ሄዶ የሁለተኛ ደረጃ ልኬታ ተለክታችሁ ከሆነ ካርታውን ይጠይቅ፣ የማሳው ቅርጽና ስፋት እዚያ ላይ አለ። ሁለቱ ወረቀቶች ከተገኙ ከቀበሌው የመሬት ኮሚቴና ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ጋር ድንበሩ ላይ መቆም ነው፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል፣ ካላለቀ ወረዳ ፍርድ ቤት። ለዚህ ሥራ ዘጠና ሺህ አይጠይቅም፣ ለግልባጭና ለትራንስፖርት የሚሆን ብር ብትልኪለት፣ አንድ ጊዜም ፈቃድ ያለው ጠበቃ ጋ ቁጭ ብሎ እንዲያማክር የሚሆን ብትጨምሪለት በቃ። ፈቃድ ያለው ስል «ፈቃድህን አሳየኝ» ሲባል ቅር የማይለውን ነው።

ለጠበቃው አንድ ነገር ይጠየቅልኝ፣ የእናትሽን ነገር። ደብተሩ ላይ ስሟ እያለ አጎትሽ የከሰሰው አባትሽን ብቻ ከሆነ፣ እሷ ሳትጠራ መብቷ ተነክቷል የሚያሰኝ ነገር አለ። ሕጉ በክርክሩ ውስጥ መግባት ሲገባው ያልገባና ፍርዱ መብቱን የነካበት ሰው በአንቀጽ 358 መቃወም ይችላል ይላል። ግን ከመጠን በላይ ተስፋ እንዳታደርጊ፣ አንቀጹ ተቃውሞው የሚቀርበው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው የሚለው፣ አጎትሽ ደግሞ ወዲያው ተረክቦ ሲያርስ ነው የኖረው። ለጉዳይ ገዳዩ እንዳትነግሩት፣ ይቺን ይዞ ሌላ ዘጠና ሺህ ይጠይቃል፣ ለጠበቃው ግን ፍርዱን አሳይታችሁ ጠይቁት፣ ማን ተከራካሪ እንደነበር ግልባጩ ላይ ይታያል።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ስንት ዓመቱ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፣ መሬት እንዳለውም አልነገርሽኝም፣ እኔ ግን የሌለው ይመስለኛል። የእሱ ዕድሜ ያለ የገጠር ልጅ ስንቱ ነው ደብተር ያለው? የድሮው የመሬት ድልድል ሲካሄድ ያልተወለደ ወይ ሕፃን የነበረ ልጅ የሚጠብቀው የቤተሰቡን ቁራጭ ነው፣ አንድ ጥማድ ለእናትም ለእሱም ለሚያገባት ሚስትም አይበቃም። ስለዚህ «የአባቴን መሬት» ሲል ግማሹ የአባቱ ሐዘን ነው፣ ግማሹ ደግሞ የራሱ ነገ ነው፣ ይህን ብታዪለት ንግግራችሁ ይለወጣል። የክሱን ብር እምቢ ስትዪው ሌላውን ጥያቄ ክፈችለት፣ ምን ልሥራ ትላለህ በዪው። በእኩል የሚያርሰው ማሳ ይገኝ ይሆን፣ አንድ በሬ ይጎድለው ይሆን፣ ወንዝ ዳር ከሆናችሁ የውኃ ፓምፕ ይጠቅም ይሆን፣ ወይስ ጭራሽ ከእርሻ መውጣት ነው የሚፈልገው? ከቻልሽ ከዘጠና ሺው ላይ ጥቂቱን ለዚህ ማድረግ ትችያለሽ፣ ካልቻልሽ ደግሞ አትችዪም፣ ያ ብር የመመለሻሽ ነው፣ ሰው ቤት ጎንበስ ብለሽ ያጠራቀምሽው ነው፣ ለመመለስ መቆጠብ ቤተሰብን መክዳት አይደለም። ይህን እኔ ስለነገርኩሽ ብቻ እንደማይቀልሽ አውቃለሁ።

ስታወሪው በቴክስት አታድርጊው፣ ደውዪለት፣ ወይ ቮይስ ላኪለት ድምፅሽን ይስማ። በራስሽ አፍ አድርጊው እንጂ እንዲህ ዓይነት ነገር፦ «ወንድሜ፣ አባባ ሲሞት አጠገቡ የነበርከው አንተ ነህ፣ እኔ ያልሰማሁትን ቃል አንተ ተሸክመሃል፣ ለዚያ አመሰግንሃለሁ። ክሱን ግን ጠይቄያለሁ፣ አንድ ጊዜ የተፈረደ ነገር በኛ ስም ቢሄድም አይሰማም አሉኝ፣ ብሩን የሚበላው ሰውዬው ነው። ድንበሩን ገፍቶ ከሆነ ግን አልተውም፣ ግልባጩን አውጣና አብረን እናየዋለን፣ የግልባጩን ብር ዛሬ እልክልሃለሁ።» አየሽ፣ እምቢ ብቻ አይደለም፣ የሚሠራው ነገር ትሰጪዋለሽ። ቢቆጣ፣ ስልክ ቢዘጋ፣ አትደናገጪ፣ በማግሥቱ ስለ ሌላ ነገር ደውዪለት። «አልነበርሽም» የሚለውን ቃል ደግሞ አንድ ቀን፣ ሲበርድ፣ እንደጎዳሽ ንገሪው። ፓስፖርትሽን ተከልክለሽ እንደቀረሽ ያውቃል? አንዳንዴ ቤተሰብ የማይመጣ ሰው የማይፈልግ ነው የሚመስለው።

ለአጎትሽ ልጅ ምን ልበላት ላልሽው፣ አሁን ምንም አትበያት። ክስ ከሌለ የምትነግሪያት ነገር የለም፣ የድንበሩ ነገር ደግሞ ገና አልተጣራም፣ በኢሞ ከአንድ ጆሮ ወደ አንድ ጆሮ ሲያልፍ አጎትሽ ጋ የሚደርሰው «ሊከሱህ ነው» ሆኖ ነው። ድንበሩ በእርግጥ ተገፍቶ ከተገኘ ግን ያኔ እሷ ጥሩ ድልድይ ልትሆን ትችላለች፣ አባቷን «ይቺን ቁራጭ መልስላቸው፣ የድሮውን አያነሱም» ማለት የምትችል እሷ ብቻ ትሆን ይሆናል። ሽማግሌ ሲቀመጥ ደግሞ ይህን ቃል በቃል አስቀምጡት፣ እናንተ የተፈረደውን ጥማድ አትጠይቁም፣ እሱ የቀረችውን አይጠይቅም፣ ወሰኑ ይህ ነው ተብሎ ይጻፍ፣ ሁለቱም ወገን ይፈርም፣ እናትሽም ትፈርም። ወንድምሽ «እንዲያውም አሳልፈን ሰጠን» ሊል ይችላል፣ ያልያዛችሁትን ነገር አሳልፋችሁ እየሰጣችሁ እንዳልሆነ አስረጂው።

ስለ ውክልናው፦ ከቆንስላ ሙሉ ውክልና አትላኪ። «ስለ እኔ ሆኖ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲስማማ፣ እንዲሸጥ እንዲለውጥ» የሚል ያንን ረጅሙን ፎርም ማለቴ ነው፣ ወንድምሽን ባትጠረጥሪውም ወረቀቱ ጉዳይ ገዳዩ ጋ ነው የሚቀመጠው። ውክልና የሚያስፈልግ ከሆነ ጠበቃው አይቶ ለድንበሩ ጉዳይ ብቻ የሚሆን አጭር ጽሑፍ ያዘጋጅልሽ፣ በዚያ መሠረት ስጪ። እናትሽን ደግሞ ብቻዋን ስታገኚያት፣ ማንም ቢሆን ማንበብ ያልቻለችው ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን እንዳታሳርፍ ንገሪያት፣ የቄሱ ልጅም ይሁን የጎረቤት ተማሪ፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላት፣ ከዚያ ታስብበት።